በአጃ የተለወሰ ክኒን

ሶፋ ሠሪው ያን ቀን ከወትሮው ቀድሞ የነቃው ውሃ ጠምቶት ነው። ሚስቱን እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ በባዶ እግሩ ከአልጋ ወረደ፤ ለካስ አጠገቡ ያለው ትራስ ባዶ ኖሯል። የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ መብራቱ ኮሪደሩ ላይ ቀጭን መስመር ጥሏል። በሩን ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ ከውስጥ የልጁ ድምፅ መጣ። ልጁ አግብታ ከወጣች ከርማለች፤ በዚህ ማለዳ እዚህ ምን ትሠራለች ብሎ ክው ካለ በኋላ ነው ድምፁ ከስልክ የሚወጣ መሆኑ የገባው። እናትየው ሁለቱም እጇ ሥራ ስለያዘ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች።

«ዛሬም ፈጨሽለት?» አለች ልጅቱ።

«እየፈጨሁ ነው።»

«እስካሁን አልነቃብሽም?»

«የት ይነቃል! ማታ ማታ በክኒኑ ቦታ የተካሁለትን ቫይታሚን ሽንት ቤት ይጥላል፣ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ይበላል።»

ልጅቱ ሳቀች። እናትየው ግን አልሳቀችም። ጀርባዋን ለበሩ እንደሰጠች አንዲት ነጭ ክኒን ማንኪያ ላይ አስቀመጠች፤ ሌላ ማንኪያ በላይዋ ደፍታ ተጫነቻት። ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማች። ዱቄቱን ወደ ተቀቀለው አጃ አራግፋ፣ ሙዝ ልጣ ጨፈለቀችበትና ማማሰል ጀመረች። ቁልፍ እንደመትከል፣ ክር በመርፌ እንደማስገባት የለመደችው ሥራ ሆኗል።

ሶፋ ሠሪው ውሃውን ረሳው። በመጣበት እግሩ ተመልሶ አልጋው ላይ ወጣ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና ዓይኑን ጨፈነ። በሩን በርግዶ ገብቶ «ምንድን ነው የምታበዪኝ?» ማለት ያምርበት ነበር፤ ነገር የሚያሳድር ሰው አይደለም፣ ያገኘውን እዚያው ፊት ለፊት ይናገራል። ግን ይህን ቢላት «አንተስ ምንድን ነው የምትጥለው?» ትለዋለች። ሌባ ከሌባ ቢሰርቅ ምን ይደንቅ። ስለዚህ የተኛ መስሎ ቆየ፤ እሷም ጥቂት ቆይታ መጥታ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትከሻውን ነካ አድርጋ «ተነሣ፣ ነግቷል» አለችው፤ እሱም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አዛግቶ ተነሣ።

በሠፈሩም በሥራ ቦታውም የሚጠራው ሞተር በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት የሥራ ሸሪኩ አናጢው ሲሆን፣ ለሦስት ሰው የሚከብድ ሶፋ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ያየው ዕለት ነው ያወጣለት። ሞተር ምሳውን ቆሞ የሚበላ፣ ምስማር በከንፈሩ ነክሶ የሚያወራ፣ ስፖንጅ ቆርጦ ሳይጨርስ ስለሚቀጥለው ጨርቅ የሚከራከር ሰው ነበር። ከዚያ ለምርመራ የሄደበት ክሊኒክ ሐኪም የደሙን ውጤት አይታ «ኮሌስትሮልዎ በጣም ከፍ ብሏል» አለችው። አባቱ በእሱ ዕድሜ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብሎበት መሞቱን ሲነግራት ደግሞ አላመነታችም፤ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችለት። ቤት ሲገባ ልጁ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበርና ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን እጥፋት የበዛበት ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችለት። የጡንቻ ሕመም። ድካም። የእንቅልፍ መዛባት። አንዳንድ ጊዜ የሆድ መነፋት። ሞተር ወረቀቱ የደረደረውን አንድም ሳይዘል ታመመው። በሁለተኛው ሳምንት ደረጃ ሲወጣ ጭኑ እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብደው ጀመር፤ በወሩ ከምሳ በኋላ ራሱ የሠራው ሶፋ ላይ ጋደም እያለ የደንበኛ ድምፅ ሲሰማ ዘሎ ይነሣ ጀመር። ሚስቱ ዝም ብላ ታየዋለች። ሰው ሲጠይቃት «መድኃኒቱ ነው» ትላለች፤ እሱም «መድኃኒቱ ነው» ይላል፤ ቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ ጠፋ።

አንድ ቀን «ልቤን ለማዳን እግሬን አልሸጥም» አለና ክኒኑን መጣል ጀመረ። ለማንም አልተናገረም። ማታ ከብልቃጡ ያወጣታል፣ ሚስቱ እያየችው ወደ ሽንት ቤት ይዟት ይሄዳል፣ ውሃ ይለቅባታል። እግሩ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰለት። ጠዋት ሲላጭ ማዜም ጀመረ፤ መዶሻው እንደ ድሮው ተሰማ። ደስታውን አምቆ መያዝ ያቃተው ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ለአናጢው ነገረው። አናጢው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እሱም ያንኑ ክኒን ይወስዳል፤ እንዲያውም የእሱ ይብሳል፣ የልቡ ደም ሥር ጠቦ እዚያው የሚቀር ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከፍተውለታል። ጭኑንና ትከሻውን እያመመው መጋዝ መግፋት ሲያቅተው ሞተር ያየዋል። «ጣለው እንጂ!» አለው። «እኔን አታየኝም?» አናጢው አየው፤ ከዚያ እሱም ጣለው።

አሁን ሳህኑ ፊቱ ቀርቧል። አጃው ይተናል፤ ሙዙ በመሃል ቢጫ ሆኖ ይታያል። ሚስቱ ከፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ የራሷን ሻይ ትነፋለች፤ በመስኮቱ በኩል ካለው የስፌት ማሽኗ ላይ ትናንት ያልጨረሰችው የወንበር ልብስ ተንጠልጥሏል። ሶፋዎቹን እሱ ይሠራል፣ ጨርቁንም ለክቶ የሚቆርጠው እሱ ነው፣ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። «ዛሬ ደረጃው ብዙ ነው፣ በደንብ ብላ» አለችው። ማንኪያውን አነሣ። ምላሱ ላይ የሚመር ነገር ፈለገ፤ ሙዙ ሸፍኖታል። ትናንትም ፈልጎት ቢሆን አያገኘውም ነበር። ቀና ሲል ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው፣ እንደ ነርስ ሳይሆን፣ እሳት ላይ የጣደችው ወተት እንዳይገነፍል እንደምትጠብቅ ሴት። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አፉ ሲከፈት ማንኪያው ገባበት። ሙልጭ አድርጎ በላው፤ ሳህኑን ጠርጎ አስረከባት። ለምን እንደበላው ለራሱም አልገባውም።

«ጣፈጠህ?»

«ጣፈጠኝ።»

ሥራ ቦታቸው ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ በመጋዝ አቧራና በማጣበቂያ ሽታ የታጠነ ክፍል ነው። አናጢው ቀድሞት ገብቶ ወንበሮቹን ከግድግዳው እያላቀቀ በር አጠገብ ይደረድራል። አንድ የስብሰባ አዳራሽ ያዘዛቸው ወንበሮችና ለእንግዳ ማረፊያው የሚሆን ረጅም ሶፋ ዛሬ መድረስ አለባቸው። አናጢው አንድ ወንበር በአንድ እጁ፣ ሌላውን በሌላ እጁ አንጠልጥሎ ወደ ጭነት መኪናው ሲሄድ ሞተር ቆሞ አየው። በፊት አንዷን በሁለት እጁ ነበር የሚያነሣት። «ትናንት ማታ ካርቶኑን ራሱ ጣልኩት» አለ አናጢው፣ እሱ ሳይጠይቀው። «ስንት ጊዜ በከንቱ ተሰቃየሁ መሰለህ? አንተን ፈጣሪ ነው ያመጣልኝ።» ሞተር «እንዴታ» ብሎ ጎንበስ አለና የሌለ ምስማር ከመሬት ፈለገ።

መንገድ ላይ ሾፌሩ ስለ ጎማ ዋጋ፣ አናጢው ስለ ስፖንጅ ዋጋ ተነጋገሩ። ሞተር በመሃላቸው ተጣቦ እግሩን ያዳምጥ ነበር። ገና ከቤቱ ደረጃ ሲወርድ የሆነ ነገር ተሰምቶታል፤ ከጉልበቱ በላይ ቀስ እያለ የሚሞላ ክብደት። የሚያውቀው ነው። ያ የድሮው ነው። ትናንትም ክኒኑን በልቷል፣ ከትናንት ወዲያም በልቷል፣ ሲያዜምም ሲፎክርም ክኒኑ ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ታዲያ ዛሬ ምን ተለየ ብሎ ራሱን ሞገተ። ክርክሩን ረታ። እግሩ ግን አልሰማውም፤ እንደከበደ ቀረ።

አዳራሹ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ብዙ ጊዜ ስለሆነው ወረቀቱ ራሱ ወይቧል። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ ግድግዳው ገና ቀለም የተቀባ ነውና እንዳይነካ እያሳሰበ ከፊት ከፊታቸው ይወጣል። ወንበሮቹን ከሾፌሩ ጋር ተጋግዘው አወጡ። ሞተር በእያንዳንዱ ምልልስ ወደ ኋላ እየቀረ መጣ፤ አንድ ጊዜ የጫማውን ማሰሪያ አሠረ፣ አንድ ጊዜ ስልክ የተደወለለት መሰለ። ከዚያ ረጅሙ ሶፋ ቀረ። ሶፋውን አናጢው ከላይ፣ ሞተር ከታች ሆነው ያዙት። የመጀመሪያው ፎቅ እንደምንም አለቀ። በሁለተኛው መሃል ላይ ሞተር ቀጣዩን ደረጃ መርገጥ አቃተው፤ ሶፋው ወደ እሱ አዘነበለ፤ የታችኛው እግሩ ግድግዳውን ፋቀ።

«ቀለሙ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ከላይ።

«አሳርፈው፣ አሳርፈው» አለ አናጢው። መታጠፊያው ላይ አሳረፉት። ሞተር ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። አናጢው ከአጠገቡ የደረጃውን ብረት ተደግፎ ቆመ፤ ቆይቶ በቀኝ እጁ የግራ ክንዱን ማሸት ጀመረ፤ ከትከሻው ወደ ክርኑ፣ ከክርኑ ወደ ትከሻው።

ሞተር ላቡ ቀዘቀዘ። «ምንህን ነው?»

«ምኔን?»

«ክንድህን! ደረትህ ጋ ይሰማሃል? ትንፋሽ አጥሮሃል?»

«የሶፋው ጠርዝ ነው የመታኝ። ምን ሆነሃል አንተ?»

በእርግጥም ክንዱ ላይ የሶፋው ጠርዝ የተወው ቀይ መስመር ነበረ። ሞተር መስመሩን አየ፣ የአናጢውን ፊት አየ፣ ከዚያ ጠዋት ከአልጋው ከወረደበት ጀምሮ በሆዱ ይዞት የዋለው ነገር ሳይፈልገው ከአፉ ወጣ። ሁሉንም ነገረው፤ ማንኪያውን፣ ሙዙን፣ ቫይታሚኑን፣ የልጁን ሳቅ። አንድም ቀን ሳይቋረጥ ክኒኑን ሲበላ መክረሙን ነገረው። አናጢው እስኪጨርስ አዳመጠው። ከዚያ ሳቀ። በሕይወቱ እንዲህ ሲስቅ ታይቶ አያውቅም፤ ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ እስኪቀመጥ፣ ሥራ አስኪያጁ በደረጃው ብረት ላይ አጎንብሶ ቁልቁል እስኪያያቸው ሳቀ። «ከነቫይታሚኑ!» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። ሞተርም ሊስቅ አፉ ሲከጅል፣ የአናጢው ሳቅ በመሃሉ ተቆረጠ።

«እኔስ?» አለ አናጢው። «ለእኔ ማን ፈጭቶልኛል?»

አናጢው እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ የሳቅ እንባ ነበር። ተነሣ፣ ወደ ሶፋው ጎንበስ አለ፤ አሁን ከታች የያዘው እሱ ነው። ሞተርን ከላይ ላከው። አወጡት፤ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ አስጠግተው አስቀመጡት፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ተፋቀው ቀለም ሲናገር ጥለውት ወረዱ።

ሁለቱም የሚታከሙበት ክሊኒክ ከአዳራሹ ብዙ አይርቅም። ሞተር «አሁኑኑ እንሂድ» ሲል አናጢው አልተከራከረም፤ ግን መንገዱን ሙሉ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ሄደ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የሚያስሉ ሰዎች፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ሁለቱም ተነሡ። «አንድ በአንድ» አለች ሐኪሟ፤ ወጣት ናት፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታለች። «አብረን ነው የታመምነው» አለ ሞተር፤ ሐኪሟም ሰልፉን አየችና ግቡ አለቻቸው።

«መድኃኒቱን አቁመው ነበር?» አለችው ሞተርን።

«አዎ፣ አቁሜያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አላቆምኩም።»

ሐኪሟ መነጽሯን ከፀጉሯ ወደ ዓይኗ አወረደች።

«እሱ አቁሟል» አለ አናጢው። «ሚስቱ ናት ያላቆመች።»

ነገሩ እስኪብራራላት ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ሁለቱም አዩዋት፤ ዋጠችው። በመጀመሪያ ወደ አናጢው ዞረች። ጭኑን ጫን ጫን እያደረገች ጠየቀችው፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ክኒኑን ሲተው በስንት ጊዜ እንደለቀቀው፣ ሽንቱ ጠቁሮ ያውቅ እንደሆነ። ሰውየው ባጭር ባጭሩ መለሰ። ሕመሙ የምር ከክኒኑ ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ያኔውኑ መጥቶ ቢነግራት ኖሮ ትቀይርለት እንደነበረ ነገረችው። «እርስዎ ግን ልብዎ ላይ ሽቦ አለ» አለች። «ያለ መድኃኒት መቆየት እርስዎ የሚችሉት ነገር አይደለም። ዛሬ ደም እንወስዳለን፣ ውጤቱን ዐይቼ በሌላ ዓይነት፣ በትንሽ መጠን እንጀምራለን። ካመመዎት ለእኔ ነው የሚነግሩኝ፣ ለጓደኛዎ አይደለም።» ሞተር ጫማውን ተመለከተ።

«የእኔስ?» አለ ሞተር ተራው ሲደርስ። «የእኔ ድካም ውሸት ነበር?»

«ደክሞዎት ነበር አይደል?»

«እንዴት ነው ያልደከመኝ! ዛሬም ደክሞኛል።»

«እንግዲያው ውሸት አይደለም። አንዳንዱን ሰው ክኒኑ ያደክመዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያደክመኛል ብሎ መፍራቱ ያደክመዋል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ የእርስዎንም ደም እናያለን።» እየጻፈች ቆየችና፣ ቀና ሳትል «አባትዎ በስንት ዓመታቸው ነበር የሞቱት?» አለችው። ነገራት። «እርስዎስ?» አለችው። ያንኑ ቁጥር ነገራት። ሐኪሟ ምንም አልጨመረችም፤ ወረቀቱን ቀድዳ ሰጠችው።

በር ላይ ሲለያዩ አናጢው የጥጥ ቁራጭ ክንዱ ላይ ተጭኖ ይዞ ነበር። ሞተር ይቅርታ ሊጠይቀው ፈልጎ «ነገ ቀድሜ እከፍታለሁ» አለው። አናጢው «እሺ» አለ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ፣ «አሁን ነው የገባኝ» አለው። «ሰሞኑን ጨርቁ ሁሉ ከቤትህ ተለክቶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። አንተ መቀስ ከያዝክ ስንት ጊዜህ ነው?» መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ያን ቀን ከደረጃው ወዲህ ሞተር ብሎ አልጠራውም።

ቤት ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በመንገዱ ላይ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ አዘጋጅቶታል፤ በሰው ሆድ ውስጥ ሳያስፈቅዱ ነገር መክተት ምን እንደሚባል፣ ባልን እንደ ሕፃን ማጭበርበር፣ በዚያ ላይ ልጅን በአባቷ ላይ ማሳቅ። ደረጃውን ሲወጣ እግሩ ከበደው፣ ግን ደረጃው አለቀ። ሚስቱ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። ከጎኗ፣ ወንበሩ ላይ፣ በኖራ የተሰመረበት ጨርቅ ታጥፎ ተከምሯል። የሚቀጥለው ሥራ ጨርቅ ነው፤ እሱ ገና አላየውም። መቀሱ በላዩ ተቀምጧል።

«ነገ አጃው ውስጥ አትጨምሪው» አለ። «ክኒኑን እንዳለ ስጪኝ። እውጠዋለሁ።»

ማሽኑ ቆመ። ሚስቱ ቀና አላለችም።

«መቼ ዐወቅክ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ዐውቀህ ነው የበላኸው?»

«ዐውቄ ነው የበላሁት።»

በመስኮቱ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንድ ሰው አንድን ሰው ከታች ይጣራል። ሞተር ያዘጋጀውን ንግግር ፈለገው፤ የመጣለት ግን ከመጨረሻው ነበር። «ስፎክር እያየሽ ዝም አልሽ» አለ። «ዳንኩ፣ በረታሁ እያልኩ በሰው ፊት ስኩራራ። አናጢው እኔን አይቶ ጣለው፤ ያውም ልቡ ላይ ሽቦ ያለበት ሰው። ዛሬ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነው የመጣሁት።»

ሚስቱ አሁን ዞረች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ይቀይሩለታል።»

«ለእሱ መንገርህን በምን ላውቅ! አንተ ለእኔ መች ነገርከኝ?» እጇን ከአፏ አወረደች። ወደ ማሽኑ ዞረችና፣ ለጨርቁ የምትናገር ይመስል፣ «ታዜም ነበር» አለች። «ጠዋት ጠዋት ስትላጭ። ክኒኑም ሆድህ ገባ፣ አንተም አዜምክ። ከዚህ ሌላ ምን ልመኝ? ብነግርህ ወይ ክኒኑን ትተፋዋለህ፣ ወይ ዜማውን ትተዋለህ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ምን ነበር?» አለ ሞተር። ድምፁ ከፍ አለ። «ሰነፍ ነበርኩ ማለትሽ ነው? አስመሰልኩ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አንተ ሲደክምህ መድኃኒቱ ነው አልክ፣ ጋደም አልክ። እኔም ጋደም በል አልኩህ፤ ጨርቅህን ቆረጥኩ፣ የራሴን ሰፋሁ፣ ሲነጋ አጃህን ቀቀልኩ። እኔ ሲደክመኝ ምኑ ነው ልበል? እኔ ክኒን አልወስድ።»

ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም፤ የስፖንጅ ዋጋ የምትነግረው ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሣች። የማሽኑን መብራት ሳታጠፋ፣ ክሩን ከመርፌው ሳታወጣ፣ ስለ እራት ሳታነሣ ሳትጥል፣ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሞተር የሆነ ነገር ይዛ የምትመለስ መስሎት ቆሞ ጠበቃት። አልተመለሰችም። ጥቂት ቆይቶ ገርበብ ባለው በር አጮልቆ ሲያይ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በጎኗ ተኝታለች፤ ትንፋሿ ከብዷል። ጫማዎቹን ከእግሯ አወጣቸው። አልነቃችም።

ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግራ ገባው። ማድ ቤት ገብቶ ሳይታጠቡ የዋሉትን ስኒዎች አጠበ፤ የት እንደሚቀመጡ ስላላወቀ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ተመልሶ የማሽኑን መብራት ማጥፊያ ፈልጎ አጣው፤ ተወው። መቀሱን አነሣና አንዱን ጨርቅ ዘርግቶ በኖራው መስመር ላይ መቁረጥ ጀመረ። እጁ ረስቶታል፤ የመጀመሪያው ጠርዝ ተንሻፈፈ፣ ሁለተኛው ይሻላል። ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤት በሩን ስታንኳኳ ሦስተኛው ጠርዝ ላይ ነበር። ጎረቤቲቱ የልጇን ሱሪ በፌስታል ይዛለች።

«እሷስ?» አለች፣ ከትከሻው በላይ ወደ ማሽኑ እያየች። «ይቺን እግር ታሳጥርልኝ ብዬ ነበር። ነገ ይፈልጋታል።»

«ተኝታለች» አለ ሞተር።

«በዚህ ሰዓት? አሟት ነው እንዴ?»

«አይ» አለ። ቃሉ ለአፉ እንግዳ ሆነበት። «ደክሟት ነው።»

«እሷን?» አለች ጎረቤቲቱ። ልትስቅ ዳዳት፤ የሰውየውን ፊት ስታይ ተወችው። ሞተር ፌስታሉን ከእጇ ተቀበላትና፣ እንዳይጮህ መዝጊያውን በእጁ ይዞ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።